ዱባይ፣ ካልጋሪ ወይስ ጀርመን፦ ከባሕር ዳር ለሚነሣ ሰው የግብር፣ የአየር ጠባይና የኑሮ ወጪ ንጽጽር

ባለፈው መጋቢት፣ የባሕር ዳር ሙቀት በሚከፋበት ሰሞን፣ ነርስ የሆነችው የእህቴ ልጅ ባለካሬ ደብተር ይዛ ቤቴ መጣች። ደብተሩ ላይ ሦስት ዓምድ አስምራለች፤ በአንደኛው ዱባይ፣ በሁለተኛው የባለቤቷ ወንድም የሚኖርባት የካናዳዋ ካልጋሪ፣ በሦስተኛው ጀርመን ተጽፏል። በየዓምዱ ሥር ደመወዝ፣ ግብር፣ የቤት ኪራይ፣ ምግብና ትራንስፖርት በተራ ሰፍረዋል፤ በዱባይ ዓምድ የግብሩ ቦታ ላይ ያለው ዜሮ በቀይ እስክሪብቶ ሁለት ጊዜ ተከቧል። «አጎቴ፣ እርስዎ የሒሳብ ሰው ነዎት፤ እስቲ ይዩልኝ» አለችኝ። ብደምረውም ብቀንሰውም ስሕተት አላገኘሁበትም። የጎደለው አንድ ሙሉ ረድፍ ነበር፤ እርሱም የአየር ጠባይ ነው።

ይህ መዘንጋት የእርሷ ብቻ አይደለም። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1800 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች፣ ጣናን የተንተራሰች ከተማ በመሆኗ ነዋሪዋ ለአየር ጠባይ ገንዘብ የማውጣት ልማድ የለውም። ቤቶቻችን ማሞቂያ የላቸውም፤ ኤሲ የሚታየውም በሆቴልና በባንክ እንጂ በመኖሪያ ቤት እምብዛም ነው። ለበጋው መጨረሻ አንድ ማራገቢያ ለገዛ፣ ለክረምቱ ጃንጥላና ቦቲ ላዘጋጀ ሰው ዓመቱ በዚያው ያልፍለታል። የቀኑ ርዝመትም ቢሆን በታኅሣሥና በሰኔ መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት ተኩል አይሞላም። ስለዚህ ከዚህ የሚነሣ ሰው ሦስቱን ነገሮች ሲመዝን ግብሩን አብዝቶ ይፈራል፣ ኪራዩን አሳንሶ ይገምታል፣ አየሩን ደግሞ «ይለመዳል» ብሎ ያልፈዋል። እኔ ይህን ቅደም ተከተል ገልብጦ ማየትን እመርጣለሁ፤ ሆኖም ሰው ሁሉ በመጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ግብር ስለሆነ ከእርሱ ልጀምር።

ግብር፦ ከገዛ ራስ የደመወዝ ወረቀት መነሣት

የውጭ አገርን ግብር ከመፍራት በፊት እዚሁ የሚቆረጠውን ማወቅ ይገባል። በ2017 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1395 መሠረት ከደመወዝ ላይ ግብር የማይከፈልበት የወር መጠን ከ600 ብር ወደ 2000 ብር ከፍ ብሏል፤ ከዚያ በላይ ያለው ገቢ በየደረጃው ከ15 እስከ 35 በመቶ ይከፈልበታል፤ የመጨረሻው እርከን የሚጀምረውም ከ14000 ብር በላይ ባለው ገንዘብ ላይ ነው። በዚህ ስሌት የ15000 ብር ደመወዝተኛ 3200 ብር የሥራ ግብርና በ7 በመቶ 1050 ብር የጡረታ መዋጮ ይቆረጥበታል፤ እጁ የሚገባው 10750 ብር ነው። ከመቶው 28 ያህሉ ገና ባንክ ሳይደርስ ሄዷል ማለት ነው።

አሁን ካልጋሪን እንይ። በወር 5000 የካናዳ ዶላር ያልተጣራ ደመወዝ የሚከፈለው ሰው ለፌዴራል መንግሥቱና ለአልበርታ ክፍለ ግዛት የሚከፍለው ግብር፣ የጡረታና የሥራ አጥነት መድን መዋጮው ሁሉ ተደምሮ የሚቀነስበት 1000 ዶላርን በጥቂቱ ቢያልፍ ነው፤ በመቶኛ ሲሰላ 21 ገደማ ይሆናል። የእህቴ ልጅ ይህን ስነግራት አላመነችኝም፤ ከዘመድ ሁሉ የሰማችው «ካናዳ ደመወዝህን ግብር ይበላዋል» የሚል ነበርና። ዘመድ አልዋሸም፤ ከ5000 ዶላር ላይ 1000 ዶላር ሲሄድ ማየት ያማል። ነገር ግን እርሷ በየወሩ በባሕር ዳር የሚቆረጥባት ድርሻ ከዚያ የሚበልጥ ሆኖ ሳለ ግብርን ሽሽት ዱባይን መክበቧ ከሒሳብ ይልቅ ከወሬ የመጣ ነው።

ጀርመን በእርግጥ ከበድ ይላል። በወር 3200 ዩሮ የሚከፈለው ያላገባ ሠራተኛ እጁ የሚደርሰው 2100 ዩሮ ገደማ ነው፤ ከሦስት አንድ እጅ ይሄዳል። ከሚሄደው ግን የሚበዛው ግብር ሳይሆን የጤና፣ የጡረታ፣ የሥራ አጥነትና የእንክብካቤ መድን መዋጮ ነው። ከዚህም በላይ ለባለትዳር የሚሠራው የግብር ምድብ ከላጤው የተለየ በመሆኑ፣ የማይሠራ የትዳር ጓደኛና ልጆችም ያለ ተጨማሪ መዋጮ በሠራተኛው የጤና መድን ውስጥ ስለሚካተቱ፣ ላጤ ሆኖ የከበደው አገር በቤተሰብ ሲኬድ ቀለል ሊል ይችላል። የእህቴ ልጅ የአራት ዓመት ሴት ልጅ አለቻት፤ ደብተሩ ግን የተሰላው ለአንድ ሰው ብቻ ነበር። ይህ ሁለተኛው ጉድለት ነው፤ ከመጀመሪያው ባያንስም።

የቀይዋ ዜሮ ጉዳይ እንዲህ ነው። በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ከደመወዝ ላይ የሚቆረጥ የገቢ ግብር የለም፤ ይህ እውነት ነው። በተጨማሪ እሴት ታክስ ረገድም 5 በመቶ ብቻ ነው፤ የእኛ 15 በመቶ፣ የጀርመን 19 በመቶ ሲሆን አብዛኛው ምግብ ላይ ግን ጀርመን 7 በመቶ ታስከፍላለች። ይሁን እንጂ ግብር የሌለበት አገር ግብር የሚገዛውንም ነገር አይሰጥም። የውጭ አገር ሰው ልጁን የሚያስተምረው በአብዛኛው በክፍያ በግል ትምህርት ቤት ነው፤ የሠራተኛውን የጤና መድን አሠሪው ሲከፍል የልጅና የትዳር ጓደኛ መድን ግን ብዙውን ጊዜ በሠራተኛው ጫንቃ ላይ ይወድቃል። በዱባይ ተከራይ የሆነ ሰው የዓመት ኪራዩን 5 በመቶ ለማዘጋጃ ቤት ይከፍላል፤ ገንዘቡ ከመብራትና ከውኃ ሒሳብ ጋር በየወሩ ተደምሮ ስለሚመጣ ብዙ አዲስ መጤ ምንነቱን ሳያውቅ ይከፍለዋል። ኪራዩ በዓመት 60000 ድርሃም ከሆነ ይህ ብቻ በወር 250 ድርሃም ነው። እንግዲህ ስሙን ግብር እንበለው አንበለው፣ ከኪስ ወጥቷል።

ጡረታም አብሮ መታየት አለበት። በካናዳና በጀርመን የሚቆረጠው መዋጮ ለኋላ ዘመን የሚቀመጥ ነው። በዱባይ የውጭ ሠራተኛ የመንግሥት ጡረታ አይታሰብለትም፤ በምትኩ ሥራውን ሲለቅ ለመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት በየዓመቱ የ21 ቀን፣ ከዚያ በኋላ በየዓመቱ የ30 ቀን ደመወዝ የስንብት ክፍያ ያገኛል። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ ስሌቱ የሚሠራው በመሠረታዊ ደመወዝ እንጂ አበልን ጨምሮ በሚከፈለው ጠቅላላ ገንዘብ አይደለም። ሁለት ሰዎች እኩል 8000 ድርሃም ቢከፈላቸውና የአንዱ መሠረታዊ ደመወዝ 3000፣ የሌላው 5000 ሆኖ ቢጻፍ፣ በአምስት ዓመት መጨረሻ የመጀመሪያው 10500 ድርሃም ሲወስድ ሁለተኛው 17500 ይወስዳል። ስለዚህ ውል ሲመጣ ዓይን መጀመሪያ ማረፍ ያለበት በጠቅላላው ላይ ሳይሆን «መሠረታዊ» በሚለው መሥመር ላይ ነው።

አየር ጠባይ፦ በኪራይ ውል ውስጥ የተደበቀው ዋጋ

አየር በገንዘብ እንደሚተመን የሚያሳየው ከሁሉ የተሻለ ማስረጃ የየአገሩ የኪራይ ውል ነው። በጀርመን ማስታወቂያ ላይ ኪራይ በሁለት ስም ይጻፋል፤ «ካልትሚቴ» የሚሉት ቃል በቃል ቀዝቃዛ ኪራይ፣ «ቫርምሚቴ» የሚሉት ደግሞ ሞቃት ኪራይ ማለት ነው። ቀዝቃዛው የግድግዳውና የጣሪያው ዋጋ ብቻ ሲሆን፣ ማሞቂያና ሌሎች የሕንፃው ወጪዎች የሚደመሩት በሞቃቱ ላይ ነው፤ በዓመቱ መጨረሻም የተጠቀሙበት ከከፈሉት በልጦ ከተገኘ የልዩነቱ ደረሰኝ ይላካል። ዱባይ ውስጥ ደግሞ «ቺለር» የምትለዋን ቃል መፈለግ ያስፈልጋል፤ የማዕከላዊ ማቀዝቀዣውን ወጪ ባለንብረቱ የሚችልበት ቤት ኪራዩ ወደድ ቢልም በበጋቸው ወራት ከረከሰው ቤት ሊያተርፍ ይችላል። በካልጋሪም ማሞቂያው በጋዝ ስለሚሠራ «ማሞቂያ በኪራዩ ውስጥ ነው ወይስ ለብቻው?» ብሎ መጠየቅ የመጀመሪያው ጥያቄ መሆን አለበት። የእህቴ ልጅ የጀርመኑን ኪራይ የወሰደችው ከቀዝቃዛው ነበር፤ ሳላርምላት ብትሄድ ኖሮ ገና ከመግባቷ በጀቷ ይዛነፍ ነበር።

በዚህ መካከል ስለ ቋንቋችን አንድ ነገር ማንሣት ይገባል። እኛ ክረምት ስንል ሰኔ፣ ሐምሌ፣ ነሐሴ ነው፤ ዝናብ፣ ጭቃ፣ በቆሎ እሸት ነው። ካልጋሪ ያለው ዘመድ በኅዳር ደውሎ «ክረምቱ ገባ» ሲል ግን የሚያወራው ስለ በረዶ ነው። ቃሉ አንድ በመሆኑ ምክንያት ሰሚው ባሕር ዳር ቁጭ ብሎ ጃንጥላ ያስባል፤ ተናጋሪው ደግሞ መኪናው እንዳይቀዘቅዝ ሌሊቱን ሞተሩን በገመድ ከኤሌክትሪክ ጋር አያይዞ ነው ያደረው። በካልጋሪ የጥር ሌሊት በአማካይ ከዜሮ በታች አሥር ዲግሪን አልፎ ይወርዳል፤ ውርጩ ሲከፋ ከዜሮ በታች 30 የሚደርስበት ቀን አለ። ከተራሮቹ በኩል የሚመጣው ቺኑክ የሚባለው ደረቅ ሞቃት ነፋስ አልፎ አልፎ በረዶውን በሰዓታት ውስጥ ሲያቀልጠው እፎይ ይባላል፤ ነገር ግን ተመልሶ ይበርዳል።

ከብርዱ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ብርሃኑ ነው። በታኅሣሥ ካልጋሪ ላይ ፀሐይ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 2፡30 አልፎ ትወጣና ከቀኑ 10፡30 ገደማ ትጠልቃለች። ከንጋቱ አንድ ሰዓት እስከ ምሽቱ አንድ ሰዓት ተረኛ የሆነች ነርስ በጨለማ ገብታ በጨለማ ትወጣለች ማለት ነው። የጀርመንም ታኅሣሥ ከዚህ ብዙ አይሻልም፤ ብርዱ ቢቀልም ሰማዩ ለሳምንታት ሳይገለጥ ይቆያል። ከጣና ዳር፣ ዘንባባው ሥር ዓመቱን ሙሉ ፀሐይ የለመደ ሰው ይህን እንደ ቀላል ነገር ሊያየው አይገባም፤ ጥቁር ቆዳ ያለው ሰው በእነዚህ አገሮች የቫይታሚን ዲ እጥረት እንዳይገጥመው ሐኪም ማማከርም የተለመደ ነው። ካፖርት፣ የበረዶ ጫማ፣ የልጅ ልብስ (ልጅ በየዓመቱ ያድጋልና በየዓመቱ አዲስ ይገዛል) በመጀመሪያው ዓመት በጀት ውስጥ ራሱን የቻለ መሥመር ይፈልጋሉ።

ዱባይ በተቃራኒው ናት። ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው አየር ባሕር ዳርን የሚያስመኝ አይደለም፤ ደስ ይላል። ከሰኔ እስከ መስከረም ግን ሙቀቱ በቀን ከ40 ዲግሪ በላይ ይሆናል፣ ሌሊቱም ከባሕሩ በሚነሣ ወበቅ ይታፈናል። የአገሩ ሕግ ራሱ ከሰኔ 8 እስከ መስከረም 5 ባለው ጊዜ፣ በእኛ ሰዓት ከ6፡30 እስከ 9፡00፣ በፀሐይ ላይ የውጭ ሥራ እንዳይሠራ ይከለክላል። ነርስ ውጭ አትሠራም፤ ልክ ነው። ነገር ግን የአራት ዓመቷ ልጅ ለአራት ወራት ከቤት ወደ መኪና፣ ከመኪና ወደ ገበያ አዳራሽ እየተዘዋወረች ትኖራለች፤ በዚያ ወራት ልጅን በነፃ የሚያጫውት ሜዳ ስለማይኖር መጫወቻውም በገንዘብ ይሆናል። ካልጋሪ ደግሞ በረዶውን ለለመደ ልጅ መናፈሻው ነፃ ነው።

የኑሮ ወጪ፦ በብር አለመመንዘር

ወደ ሦስተኛው ስንመጣ ሰው ሁሉ የሚሠራት አንዲት ስሕተት አለች፤ ደመወዙን ወዲያው በብር አባዝቶ መደነቅ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። በዱባይ የሚሠራ ሰው ደመወዝ በብር ሲቆጠር እጥፍ ወደ መሆን ተጠጋ፤ የዱባይ ኪራዩ ግን ሳንቲም አልቀነሰለትም። ስለዚህ አገርን ከአገር ስናነጻጽር ብርን ትተን ሁሉንም በዶላር አድርገን፣ ሁሉም ነገር ከተከፈለ በኋላ በወሩ መጨረሻ የሚተርፈውን ብቻ ማስተያየት ይሻላል። ብሩ የሚመጣው በመጨረሻ፣ ወደ ቤት ስንት ይላካል ለሚለው ጥያቄ ብቻ ነው። ድርሃም ለረጅም ዘመን አንድ ዶላር በ3.67 ድርሃም ተተምኖ የቆየ በመሆኑ እንደ ዶላር ሊታይ ይችላል፤ የካናዳ ዶላርና ዩሮ ግን ይወጣሉ ይወርዳሉ።

ከዚህ ቀጥሎ የሚያሳስበው መነሻ ገንዘብ ነው። በዱባይ ኪራይ በወር ሳይሆን አስቀድሞ በሚጻፉ ጥቂት ቼኮች የሚከፈል በመሆኑ፣ አሠሪው ቤት የማይሰጥ ከሆነ አንድ ደመወዝ ሳይበሉ የብዙ ወራት ኪራይ መፈለግ ይመጣል። በጀርመን እስከ ሦስት ወር ቀዝቃዛ ኪራይ የሚደርስ ማስያዣ ይጠየቃል። በካልጋሪና በጀርመን ለነርስ ሥራ የሚያስፈልገው ፈቃድ እስኪገኝ፣ በጀርመን ደግሞ ቋንቋው እስኪለመድ፣ በዝቅተኛ ደመወዝ የሚያልፍ ጊዜ አለ፤ ያ ጊዜም ወጪ ነው። ትራንስፖርቱም አይረሳ፤ እዚህ ባሕር ዳር ከፔዳ ሰፈር ጊዮርጊስ በባጃጅ እንደሚደረሰው ዓይነት ነገር የለም። ካልጋሪ ሰፊ ከተማ በመሆኗ መኪና፣ መኪናም ኢንሹራንስ ይጠይቃል። ጀርመን በዚህ ትሻላለች፤ ባቡርና አውቶቡስ ለብዙው ሰው ይበቃል።

ካናዳ በምትሰጠው ነገር ደግሞ ሚዛኑ ያጋድላል። የልጆች ድጎማው ከስድስት ዓመት በታች ላለ ልጅ በዓመት እስከ 8000 ዶላር ገደማ ይደርሳል፤ የቤተሰቡ ገቢ ሲጨምር ይቀንሳል፣ የሚሰጠውም በየዓመቱ ግብሩን ላሳወቀ ነው። ሐኪምና ሆስፒታል በክፍለ ግዛቱ መድን ይሸፈናሉ፤ ጥርስና መድኃኒት ግን በአብዛኛው በራስ ወይም በአሠሪ ነው። አልበርታ የራሷ የሽያጭ ታክስ ስለሌላት በመደብር የሚጨመረው 5 በመቶ ብቻ ሲሆን፣ ዘመድ በብዛት ያለባት ቶሮንቶ በምትገኝበት በኦንታሪዮ 13 በመቶ ነው። ጀርመንም ለአንድ ልጅ በወር ከ250 ዩሮ በላይ ትሰጣለች፣ ትምህርቱም በነፃ ነው።

በዲቪ ወደ አሜሪካ የሚሄድ ሰው ጉዳይ ለብቻው ሰፊ ስለሆነ አንድ ሁለት ነገር ብቻ ልበል። ቴክሳስ የክፍለ ግዛት የገቢ ግብር የላትም፤ ሚኒሶታ ከ5.35 እስከ 9.85 በመቶ ትወስዳለች። ግን ቴክሳስ የቤት ባለቤትን በንብረት ግብር ትበቀለዋለች፤ ሚኒሶታም በብርዷ። በባሕር ዳር ዓባይ ማዶ የሚከራይ ቤት ያለው ሰው ደግሞ ግሪን ካርድ ከያዘበት ቀን ጀምሮ የዚያን ቤት ኪራይ ለአሜሪካ መንግሥት የማሳወቅ ግዴታ አለበት፤ በውጭ ያለው የባንክ ገንዘቡ በድምሩ ከ10000 ዶላር ካለፈም እንዲሁ። ካናዳና ጀርመንም ነዋሪያቸውን በዓለም ዙሪያ ባለው ገቢ ላይ ይጠይቁታል። እዚህ የተከፈለው የኪራይ ገቢ ግብር እዚያ ሊታሰብለት የሚችለው ደረሰኙ ካለ ብቻ ነው፤ ስለዚህ በውክልና የሚተዳደር ቤት ያለው ሰው ወኪሉ ደረሰኝ እንዲያስቀምጥ አጥብቆ ይንገረው።

«ባሕር ዳርን የሚመስል አየር ካልሆነ አልችልም» የሚል ሰው ናይሮቢን ይመልከት፤ ከፍታዋ ከጣና ጋር እኩል ሊባል የሚችል ነው፣ ለኢትዮጵያዊም የመግቢያ ቪዛ አያስፈልግም። የሥራ ፈቃዱ ግን በቀላሉ አይገኝም፤ የደመወዝ ግብሩም እስከ 35 በመቶ ይደርሳል፣ ለቤቶች ልማት 1.5 በመቶ፣ ለጤና መድን 2.75 በመቶ ይጨመርበታል። ለነጋዴ እንጂ ለተቀጣሪ ከባሕር ዳር መነሣትን የሚያዋጣ አይመስለኝም።

የእኔ ፍርድ ይህ ነው። ብቻውን ለሚሄድ፣ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ሠርቶ ቤት መሥሪያ ይዞ ለሚመለስ፣ ማረፊያም አሠሪው ለሚሰጠው ሰው ዱባይን የሚስተካከል የለም፤ ዜሮዋም ያን ጊዜ እውነተኛ ዜሮ ትሆናለች። ልጅ ይዞ ለሚሄድና ለመቆየት ላሰበ ካልጋሪ ትበልጣለች፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ግን ከዱባይ የከፉ እንደሚሆኑ አውቆ ይግባ። ጀርመን ቋንቋውን ለመማር ዕድሜና ትዕግሥት ላለው፣ መኪናም ለማይወድ ነው። ጊዜም መምረጥ ይቻላል፤ ዱባይ በጥቅምት፣ ካልጋሪ በግንቦት የገባ ሰው አየሩን ከቀላሉ ጀምሮ ይለማመደዋል።

የእህቴ ልጅ ያን ቀን ደብተሯን ዘግታ አልሄደችም። አዲስ ረድፍ አስምራ «ብርድና ሙቀት» ብላ ጻፈችና በዚያው ሁለት መልእክት ላከች። ለዱባዩ ቀጣሪ መሠረታዊ ደመወዙ ስንት እንደሆነና የቺለሩን ወጪ ማን እንደሚችል ጠየቀች፤ ለባለቤቷ ወንድም ደግሞ የጥርን የጋዝ ሒሳብ ፎቶ አንሥቶ እንዲልክላት። የካልጋሪው ፎቶ በማግስቱ ደረሰ፤ ቁጥሩን አይታ ዝም አለች፣ ከዚያም በረድፉ ውስጥ አሰፈረችው። ከዱባዩ ቀጣሪ መልስ ሳይመጣ ሦስተኛ ሳምንቱ ነው።